የፍሎሪዳ ማዕበል፣ የወሎ ዝናብ

ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ በኢትዮጵያ ደጋ የሚሆነውን የማያውቅ የለም። ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ይጠቁራል፤ ከተራራው ጀርባ ደመና ይቆለላል፤ ነጎድጓዱ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ዶፉ ይወርዳል። ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ ይጠለላል፤ የከተማው ሰው ካፌ በረንዳ ሥር ተኮልኩሎ እስኪያባራ ይጠብቃል። ማምሻውን ደመናው ወደ ምዕራብ ሲያዘግም የዕለቱ ዝናብ ነገር አበቃ ብለን ወደየጉዳያችን እንሄዳለን።

አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2000 ጁላይ ማገባደጃ ላይ በደጋችን የተሰበሰበ አንድ ግዙፍ የነጎድጓድ ደመና እንደሌሎቹ ሁሉ ወደ ምዕራብ አዘገመ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም» ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መንገድ ላይ እየተነሣና እየከሰመ፣ ሱዳንንና ቻድን ተሻግሮ፣ የአፍሪካን ወርድ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ጨርሶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ደረሰ። ባሕሩ ላይ መሽከርከር ጀመረ፤ ስም ወጣለት፤ ሃሪኬን አልቤርቶ ተባለ። ሦስት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ በሰሜን አትላንቲክ ሲዞር ከርሞ ወደ አይስላንድ አቅጣጫ ወጥቶ ከሰመ። የብስ ስላልነካ ብዙ ሰው አላስታወሰውም። የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን የሳተላይት ምስሎቹን ወደ ኋላ እየተከተሉ ዱካውን ፈለጉ፤ መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ መሆኑንም በ2003 አሳተሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት ወራት ሰሃራ እጅግ ይግላል፤ ከእሱ በስተደቡብ ያለው የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ደግሞ እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ነው። የሁለቱ የሙቀት ልዩነት ከመሬት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ኃይለኛ የነፋስ መስመር ይፈጥራል። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በኢትዮጵያ ደጋና በዳርፉሩ ጀበል ማራ ላይ የሚፈነዳው ነጎድጓድ ሲነካካው ይጠማዘዛል፤ ጥምዝምዙም ሞገድ ሆኖ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ2,000 እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ አንድ አንድ እያለ ያልፋል፤ በዓመት 60 ያህል ይቆጠራሉ። ከሱዳን እስከ ሴኔጋል ያለው ገበሬ ከሚያገኘው የክረምት ዝናብ ብዙው ከእነዚህ ሞገዶች ጋር ይመጣል። ከዚያ ኬፕ ቬርዴን አልፈው ባሕር ላይ ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ እዚያው ይሞታሉ። የማይሞቱት ናቸው አሜሪካን እንቅልፍ የሚነሷት። አትላንቲክ ላይ ከሚነሡት ከባድ ሃሪኬኖች፣ ማለትም ደረጃ 3 እና ከዚያ በላይ ከሚባሉት፣ 85 በመቶ ያህሉ ዘራቸው ከእነዚህ ሞገዶች ይቆጠራል።

በ2017 ቴክሳስን የመታው ሃርቪም ከአፍሪካ ዳርቻ የወጣ ሞገድ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንዳንድ ቦታዎች ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አወረደ፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው የሚበልጥ ማለት ነው። ሂዩስተን የሚኖር ወገናችን ዕቃውን ወደ ፎቅ ሲያወጣ ያደረው ከእኛው የዓለም ክፍል በተነሣ ሞገድ ሰበብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰው ይህን ኃይል ማብረድ ወይም መንገዱን ማስለወጥ ይችል እንደሆነ መከራከር ከተጀመረ 80 ዓመት ሊሞላ ነው። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ የሚጠየቀው ከመድረሻው በኩል ነው፤ ከማያሚ፣ ከሂዩስተን፣ ከኒው ኦርሊንስ። መነሻው ላይ ቆሞ «ማዕበሉ ቢበርድ ዝናቡ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው ለረጅም ጊዜ አልነበረም።

* * *

ኦክቶበር 13 ቀን 1947። ደቡብ ፍሎሪዳን አቋርጦ፣ ማያሚን በጎርፍ አጥለቅልቆ ወደ ክፍት ባሕር የወጣ ሃሪኬን ከጃክሰንቪል ከተማ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ ምሥራቅ እየሸሸ ነው። የአሜሪካ ጦር አውሮፕላኖች ይከተሉታል። አንደኛው 80 ኪሎ ያህል የተፈጨ ደረቅ በረዶ፣ ማለትም የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ጭኗል። ደመናው ላይ ደርሶ በተነው። አብራሪዎቹ የደመናው መልክ ሲለወጥ ማየታቸውን መዝግበው ተመለሱ።

ከዚህ ሥራ በስተጀርባ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ነበር። ቪንሰንት ሼፈር የተባለ ተመራማሪ ከአንድ ዓመት በፊት ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ደረቅ በረዶ ቢጨምር በትንፋሹ የተፈጠረው ጉም በቅጽበት ወደ በረዶ ብናኝነት ሲለወጥ ተመልክቶ ነበር። ባልደረባው በርናርድ ቮኔገት፣ የደራሲው የከርት ቮኔገት ወንድም፣ የብር አዮዳይድ ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ ደረሰበት። ዛሬ «ደመና ማበልጸግ» የምንለው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከእነዚህ ሁለት ግኝቶች ነው። አለቃቸው ኧርቪንግ ላንግሚውር በ1932 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘ፣ የሚያምንበትን ነገር ደግሞ በቀላሉ የማይለቅ ሰው ነበር።

ሃሪኬኑ ተመልሶ ዞረ። ኦክቶበር 15 ቀን ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ሳቫና ከተማን መታ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ክስ እንመሠርታለን የሚሉ ተነሡ። ላንግሚውር ደግሞ «እኛ አይደለንም» ብሎ እንደመካድ ማዕበሉን ያዞርነው እኛ ነን እያለ ይሟገት ጀመር፤ ለእሱ ውጤት ነበርና። በኋላ መዝገቡ ሲገላበጥ ሃሪኬኑ መዞር የጀመረው በረዶው ከመበተኑ በፊት እንደነበር፣ በ1906 የተነሣ ሌላ ሃሪኬንም ማንም ሳይነካው በዚያው መንገድ መሄዱ ተረጋገጠ። የሳቫና ሰው ግን በዚህ አልተጽናናም።

በጎጃምና በጎንደር ገጠር በረዶን በድግምት ከማሳ ያርቃል የሚባል ደብተራ ነበር። የበረዶ መላሹ ፈተና ደመናው አልነበረም፤ ጎረቤት ነበር። በረዶው ከአንዱ ማሳ ርቆ በሌላው ላይ ሲወርድ «አንተ ነህ የላክህብኝ» ተብሎ ይጣላሉ። ደብተራው በእርግጥ በረዶውን መልሶት ይሁን አይሁን ለጠቡ ለውጥ አያመጣም። እኔ የሳቫናን ታሪክ ሳነብ ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው፤ ሰማዩን እነካለሁ ያለ ሰው ሰማዩ ከዚያ በኋላ ለሚያደርገው ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ስለተረዳ በ1962 «ስቶርምፊዩሪ» የተባለውን ፕሮጀክት ሲጀምር ጥብቅ ደንብ አወጣ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ የብስ የመቅረብ ዕድሉ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ሃሪኬን አይነካም። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምር ነበር። የሃሪኬን ዓይን በከፍተኛ የደመና ግድግዳ የተከበበ ነው፤ ነፋሱ የሚበረታው እዚያ ነው። ከግድግዳው ውጭ ባለው ደመና ውስጥ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖም ያልረጋ ውኃ አለ። የብር አዮዳይድ ሲበተንበት ይረጋል፤ ሲረጋ ሙቀት ይለቃል፤ በሙቀቱ ሌላ ሰፋ ያለ ግድግዳ ይቆማል፤ የውስጠኛው ይፈርሳል፤ ክቡ ሲሰፋ ነፋሱ ይቀንሳል።

በ1969 ኦገስት 18 ቀን 13 አውሮፕላኖች ሃሪኬን ዴቢን ተፈራርቀው 5 ጊዜ አበለጸጉት። ነፋሱ በ31 በመቶ ቀነሰ። በማግስቱ ተዉት፤ መልሶ በረታ። ኦገስት 20 ቀን ደገሙት፤ በ15 በመቶ ቀነሰ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ደስታውን የሚያጠይም ነገር ግን ከዴቢ አንድ ቀን በፊት ሆኖ ነበር፤ ኦገስት 17 ሌሊት ካሚል የተባለው ሃሪኬን ሚሲሲፒን መትቶ ከ250 ሰው በላይ ገድሏል። ደንቡ እሱን ለመንካት አይፈቅድም ነበር። ሊታከም የሚችለው ሃሪኬን ማንንም የማይጎዳው ብቻ መሆኑ ነው!

ጎረቤቶችም ዝም አላሉም። ፊደል ካስትሮ አሜሪካ ሃሪኬንን መሣሪያ ልታደርግ ነው ሲል ከሰሰ። ሜክሲኮ ደግሞ ሌላ ነገር ተናገረች፤ ለደረሰባት ድርቅ ስቶርምፊዩሪን ተጠያቂ አደረገች። ክሱ በማስረጃ አልተደገፈም፤ ሐሳቡ ግን የዋዛ አልነበረም። ለሰሜን ሜክሲኮ ደረቅ ግዛቶች ከባሕር የሚመጣው ማዕበል ጥፋት ብቻ ሳይሆን ግድብ የሚሞላ ውኃም ነው። ማዕበሉን ያበረደ ዝናቡንም ሊያበርድ እንደሚችል በይፋ የተናገረች የመጀመሪያዋ አገር እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ፕሮጀክቱ በ1983 ተዘጋ። የገደለው ፖለቲካ ሳይሆን ተፈጥሮ ነው። ሃሪኬን ውስጥ የተጠበቀው ያልረጋ ውኃ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። የዓይኑ ግድግዳ ፈርሶ በሰፊ የመተካቱ ነገርም ማንም ሳይነካቸው በብርቱ ሃሪኬኖች ላይ በራሱ ጊዜ የሚሆን መሆኑ ታወቀ። ዴቢ በራሷ ያደረገችውን ነው ሰዎቹ ለራሳቸው የቆጠሩት።

* * *

ሌሎቹን ሐሳቦች ቶሎ ቶሎ ላልፋቸው፤ ብዙዎቹ ከቁጥር ጋር ሲጋፈጡ አይቆሙም። በአቶም ቦምብ እንበትነው የሚለው ከ1950ዎቹ ጀምሮ በየጊዜው ይነሣል። አንድ የጎለመሰ ሃሪኬን የሚለቀው ሙቀት በየ20 ደቂቃው ከሚፈነዳ የ10 ሜጋ ቶን ቦምብ ጋር ይመጣጠናል፤ አንድ ቦምብ ቢጨምሩበት ጨረሩን ይዞ መሄድ ነው ትርፉ። ቢል ጌትስ ያለበት ቡድን ቀዝቃዛ ውኃን ከጥልቁ ወደ ላይ የሚያወጡ መርከቦችን ሐሳብ ለፓተንት አቅርቦ ነበር። አንድ የኖርዌይ ኩባንያ ደግሞ በቧንቧ አየር እየነፋ በአረፋ ጥልቁን ውኃ ለማንሳት አስቧል።

ምክንያታቸው ትክክል ነው፤ የሃሪኬን ምግቡ ከ26 ዲግሪ በላይ የሞቀ የባሕር ገጽ ነው። መጠኑ ነው ችግሩ። የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2022 ሒሳቡን በኮምፒዩተር ሠሩት። 260,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ባሕር፣ ከኢትዮጵያ ስፋት ሩብ ያህሉን ማለት ነው፣ በ2 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ሃሪኬኑ የሚዳከመው በ15 በመቶ ብቻ ነው። ለዚህ ከውኃው መውጣት ያለበት ሙቀት ደግሞ አሜሪካ በ2019 ዓመቱን ሙሉ ከተጠቀመችበት ኃይል ከ100 እጥፍ በላይ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ቧንቧ መከራከር ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

ጥርጣሬው ግን አልሞተም፤ እንዲያውም አድጓል። በ2024 መጸው ሄሊንና ሚልተን ተከታትለው ፍሎሪዳን ሲመቱ «መንግሥት ነው የላካቸው» የሚል ወሬ ተራባ። ፍሎሪዳ በ2025 የአየር ሁኔታን ለመለወጥ መሞከርን በሕግ ከለከለች። ከዚያ በፊት በኤፕሪል 2024 ዱባይ በአንድ ቀን የዓመት ዝናብ ወርዶባት አውሮፕላን ማረፊያዋ ሲጥለቀለቅ፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በስልክ የላኩልን ቪዲዮ ሁሉ «ደመና ሲያበለጽጉ አመለጣቸው» ከሚል ማብራሪያ ጋር ነበር። ማዕበሉ ከቀናት በፊት በትንበያ ታይቷል፤ የአገሪቱ የሜትዎሮሎጂ ማዕከልም በዚያ ማዕበል ደመና አላበለጸግንም ብሏል። በእኛም አገር በ2013 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሸዋና በጎጃም የደመና ማበልጸግ ሙከራ መጀመሩን ሲያስታውቁ ከፊሉ ተደነቀ፣ ከፊሉ ተሳለቀ። ማበልጸግ ቀድሞ ዝናብ ያዘለ ደመናን ጥቂት ይረዳ ይሆናል እንጂ ደመና አይሠራም፤ ድርቅ ማለት ደግሞ ደመናው ራሱ የቀረበት ጊዜ ነው።

* * *

ዋናው ክርክር ያለው ሌላ ቦታ ነው። እሱን ለመረዳት ፍሎሪዳንና ወሎን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ግሬይ በ1990 አንድ ጥናት አወጣ። የምዕራብ አፍሪካ ሳህል፣ ማለትም ከሰሃራ በስተደቡብ ያለው ደረቅ ቀጠና፣ በዝናብ የጠገበባቸውን ዓመታት፣ ከ1947 እስከ 1969፣ ድርቅ ከሰፈነባቸው ከ1970 እስከ 1987 ካሉት ጋር አነጻጸረ። በዝናባማዎቹ ዘመናት ከባድ ሃሪኬኖች የአሜሪካን ምሥራቅ ዳርቻና ፍሎሪዳን ደጋግመው መተዋል፤ በድርቁ ዘመን ተመናምነዋል። የእኛ ክፉ ቀን ለፍሎሪዳ ደህና ቀን ነበር ማለት ነው። በ1983፣ የ1977 ዓ.ም ድርቅ እየከረረ በነበረበት ዓመት፣ በአትላንቲክ ስም የወጣላቸው ማዕበሎች 4 ብቻ ነበሩ።

ኤልኒኞም ይህንኑ ያሳያል። ፓስፊክ ሲሞቅ አትላንቲክ ላይ በላይኛው አየር የሚነፍሰው ነፋስ ይበረታና ሃሪኬኖችን ገና ሳይቆሙ ይቆርጣቸዋል፤ በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ክረምት ይከዳል። በ2015 የአትላንቲክ ወቅት ከወትሮው ቀለል ያለ ነበር። በእኛ አገር ግን መንግሥት በዓመቱ መጨረሻ የምግብ እርዳታ የሚያሻው ሰው 10.2 ሚሊዮን መድረሱን አስታወቀ።

ሁለቱን የሚያስተሳስረው የውቅያኖሱ ሙቀት ነው። የሐሩር ክልል የዝናብ መቀነት ሞቅ ወዳለው ንፍቀ ክበብ ያዘነብላል። ሰሜን አትላንቲክ ከደቡቡ ይልቅ ሲሞቅ መቀነቱ ወደ ሰሜን ወጥቶ ሳህልንና የኢትዮጵያን ሰሜን ያጠጣል፤ ሃሪኬንም ይበዛል። ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ይቀንሳሉ። አንድ ነገር ላክልበት፤ በ2018 የታተመ የሞዴል ጥናት እንዳሳየው የአፍሪካ ሞገዶች ሁሉ ቢወገዱ እንኳ የሃሪኬኖቹ ቁጥር ያን ያህል አይለወጥም። ባሕሩ ከሞቀ ሌላ ዘር አያጣም። ሞገዶቹን ማጥፋት መፍትሔ የሚመስለው ካለ ይህን ይያዝ።

ታዲያ በ1970ዎቹና 80ዎቹ ሰሜን አትላንቲክን ምን አቀዘቀዘው? ከፊሉ የውቅያኖሱ የራሱ መለዋወጥ ነው። ከፊሉ ግን ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ የወጣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓና የአሜሪካ የኃይል ማመንጫዎች ያነደዱት የድንጋይ ከሰል የሰልፈር ብናኝ አየሩን ሞላው። ብናኙ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፤ ደመናንም ያነጣል። በታች ያለው ባሕር ቀዘቀዘ፤ የዝናቡ መቀነት ወደ ደቡብ ሸሸ። ለሳህል ድርቅ ተጠያቂ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ይህ እንደሆነ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ የተካሄዱ ጥናቶች ይናገራሉ። በ66 እና በ77 ዓ.ም ወሎ ላይ ሰው የጨረሰው ዝናብ መጥፋቱ ብቻ አልነበረም፤ የመጀመሪያውን መደበቁ፣ ሁለተኛውን ጦርነቱና የመንግሥቱ ፖሊሲ አባብሰውታል። ቢሆንም ዝናቡን ካሳጡን እጆች መካከል አንዱ እዚህ አገር ፈጽሞ ያልነበረ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ አየሩ በሕግ ጸዳ። ሳህል ቀስ በቀስ አገገመ። አትላንቲክ ሞቀ። የጃፓኑ ተወላጅ ሂሮዩኪ ሙራካሚ በአሜሪካ መንግሥት ቤተ ሙከራ ሠርቶ በ2022 ባሳተመው ጥናት፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ብናኝ በግማሽ መቀነሱ በ40 ዓመት ውስጥ የአትላንቲክ ማዕበሎችን ቁጥር በ33 በመቶ ከማሳደግ ጋር ተያያዥ ነው። ማንም ሳያቅደው፣ ማንም ሳይፈቅደው፣ ዓለም ትልቁን የአየር ንብረት ሙከራ አካሂዳ ነበር።

አሁን ይህንኑ አስበን እናድርገው የሚሉ አሉ። በአውሮፕላን ሰልፈር ወደ ላይኛው ከባቢ አየር፣ ዝናብ ወደማይደርስበት ከፍታ ተወስዶ ይበተን፤ ምድር ትቀዝቅዝ፤ ሃሪኬንም ይቀንስ። በ2017 በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የመሩት ጥናት ይህን በሞዴል ፈተሸ። ሰልፈሩ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብቻ ቢበተን የአትላንቲክ ሃሪኬን ይቀንሳል፤ ሳህል ይደርቃል። በደቡቡ ብቻ ቢበተን ሳህል ይለመልማል፤ ሃሪኬን ይበዛል። ተፈጥሮም ምስክር አላት። በ2013 የወጣ የብሪታንያ ሜትዎሮሎጂ ቢሮ ተመራማሪዎች ጥናት ከ1900 እስከ 2010 ከነበሩት አራት እጅግ ደረቅ የሳህል ክረምቶች ሦስቱ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከፈነዳ ትልቅ እሳተ ገሞራ በኋላ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። አንዱ በ1982 የፈነዳው የሜክሲኮው ኤል ቺቾን ነው።

የሐሳቡ ደጋፊዎች መልስ አላቸው፤ ሊደመጥም ይገባል። በሁለቱም ንፍቀ ክበብ እኩል ከተበተነ መቀነቱ አይናወጥም ይላሉ፤ ሞዴሎቹም በአብዛኛው ይደግፏቸዋል። ሙቀቱ እንዲሁ ከቀጠለ ደግሞ የሚጎዳው ያው ደሃው ነው ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ እኩል መበተኑን የሚቆጣጠረው ማን ነው? ሃሪኬን የሚያሰጋው ባለ ገንዘብ አገር ብቻውን ቢጀምር፣ ክረምቱ ለከዳው የሰቆጣ ገበሬ «ያንተ ድርቅ በእኛ ሰልፈር ሳይሆን በተፈጥሮ የመጣ ነው» ቢለው በምን ይረታዋል? የአየር ሁኔታን በጠላትነት ለጦርነት መጠቀምን የሚከለክል ስምምነት ከ1978 ጀምሮ ይሠራል፤ አሜሪካ በቬትናም ላይ ደመና እያበለጸገች መንገድ ማጨቅየቷ ከተጋለጠ በኋላ የመጣ ነው። በበጎ ሐሳብ ለሚደርስ ጉዳት ግን ካሣ የሚያስከፍል ሕግ የለም።

* * *

ባሕር ዳር ከተማ ሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ጣና ይደርቃል ብሎ አያስብም። ደርቆ ያውቃል።

የዌልሱ አበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ሄንሪ ላምና ጓደኞቹ የጣናን ወለል ቆፍረው ያወጡትን ደለል መርምረው በ2007 አሳተሙ። ከ17 ሺህ እስከ 16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ዘመን ሐይቁ ተሟጦ ነበር። ረግረግ ቀርቶበት ነበር፤ ከጣና ወደ ዓባይ የሚፈስ ውኃ አልነበረም። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቋል። ሐይቁ መልሶ ሞልቶ መፍሰስ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ምክንያቱ ያለው ከካናዳ ወዲያ ነው። በዚያ የበረዶ ዘመን ሰሜን አሜሪካን ከሸፈነው የበረዶ ክምር እየተገመሰ ሰሜን አትላንቲክ የገባው በረዶ ቀልጦ ባሕሩን በጨው አልባ ውኃ ሸፈነው። ይህ ደግሞ ትልቁን የአትላንቲክ ጅረት አዳከመው። ጅረቱ ዛሬም አለ። ከሐሩር ክልል የሞቀ ውኃ በላይ በላዩ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ግሪንላንድና አይስላንድ አካባቢ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜውና ጨዉ ያከብደውና ይሰምጣል፤ በጥልቁ ወደ ደቡብ ይመለሳል። በሴኮንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያንቀሳቅሳል፤ ከ10 ሺህ ዓባዮች በላይ ነው። ጨው አልባ ውኃ ሲበዛበት ውኃው አይሰምጥም፤ ሳይሰምጥ ሲቀር ሙቀቱ ወደ ሰሜን አይሄድም፤ ሰሜኑ ይቀዘቅዛል፤ የዝናቡ መቀነት ወደ ደቡብ ይወርዳል። ተመራማሪዎቹ ጣና የደረቀው በዚህ ሰንሰለት ነው ብለው ያምናሉ።

ግሪንላንድ አሁን እየቀለጠች ነው። ከ2004 ጀምሮ በ26 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ውቅያኖሱን አቋርጠው የተዘረጉ መሣሪያዎች ጅረቱን ይለካሉ። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ጠበብት ቡድን በ2021 ጅረቱ በዚህ ምዕተ ዓመት መዳከሙ እጅግ የሚጠበቅ መሆኑን፣ እስከ 2100 ድንገት ይቆማል ብሎ ግን እንደማያምን፣ እምነቱም መካከለኛ መሆኑን ጻፈ። በ2023 ሁለት የዴንማርክ ሳይንቲስቶች በዚህ ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ ሊቆም ይችላል አሉ፤ ብዙ ባልደረቦቻቸው ስሌቱን ተከራከሩት። ክርክሩ በአውሮፓ ጋዜጦች የሚቀርበው ለንደንና ኮፐንሃገን ምን ያህል ይቀዘቅዛሉ በሚል ነው። ጣናን የሚያነሣ ጋዜጣ አላየሁም።

ድርቃችን ሁሉ ከአትላንቲክ አይመጣም፤ ይህንም ማለት ያስፈልጋል። ከ2020 እስከ 2022 ቦረናንና የሶማሌን ክልል ከብት የፈጀው የአምስት ወቅት ዝናብ ተከታትሎ መቅረት መነሻው ፓስፊክና ህንድ ውቅያኖስ ነው፤ የኤልኒኞ ተቃራኒ የሆነው ላኒና ሦስት ዓመት ተደራርቦ። የአየር ንብረት ለውጥ ያን ድርቅ ቢያንስ 100 እጥፍ የመድረስ ዕድል እንደሰጠው በ2023 የተሠራ ጥናት ገምቷል። ስለዚህ አንዱን ውቅያኖስ እናቀዝቅዝ የሚል ሰው ሌላው ምን እንደሚል መጠየቅ አለበት።

* * *

በነሐሴ 2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው የአፍሪካ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሮች ጉባኤ ፀሐይን የመከለል ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ እንዳይውል ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲደረግ ጠየቀ። በ2024 መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ በተካሄደው የመንግሥታቱ ድርጅት የአካባቢ ጉባኤ ስዊዘርላንድ ጉዳዩን የሚያጠና የባለሙያዎች ቡድን ይቋቋም ብላ ሐሳብ አቀረበች። የአፍሪካ አገሮች ክልከላው ይቅደም አሉ፤ ሌሎች አልተስማሙም፤ ስዊዘርላንድም ሐሳቧን መልሳ ወሰደች። አንዳንድ አፍሪካውያን ሳይንቲስቶች ደግሞ ሌላው ሲያጠናው እኛ ዓይናችንን ብንጨፍን ተጎጂዎቹ እኛው ነን ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አዘነብላለሁ፤ ክልከላውን ግን አልቃወምም። ከልካይ ቢያንስ የሚከለክለውን ይወቅ።

ስቶርምፊዩሪ ጥሎት የሄደ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ለፕሮጀክቱ ታስበው በ1970ዎቹ አጋማሽ የተገዙት ሁለት አውሮፕላኖች፣ «ከርሚት» እና «ሚስ ፒጊ» የሚል የቅጽል ስም የወጣላቸው፣ አንድም ሃሪኬን ሳያበርዱ ከዓይኑ ውስጥ እየገቡ ሲለኩ ኖረዋል። ዛሬ ፍሎሪዳ ማዕበሉ የት እንደሚያርፍ ከቀናት በፊት የምታውቀው በእንዲህ ያለ ልኬት ነው። ናሳም በ2006 ከኬፕ ቬርዴ ሳል ደሴት እየተነሣ የአፍሪካን ሞገዶች ለክቷል። እዚያ የሚደርሱት ግን ከደጋችን ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ነው። መነሻቸው ላይ፣ በኢትዮጵያና በዳርፉር መካከል፣ ፊኛ ለቅቀው የላይኛውን አየር የሚለኩ ጣቢያዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ናይሮቢ ላይ በክልከላና በጥናት መካከል ሲከራከሩ ከዋሉት መካከል አንዱ እነዚህ ጣቢያዎች ይተከሉ ብሎ ወጪውን ሃሪኬን ለሚያሰጋቸው አገሮች ቢያቀርብ ሒሳቡ ለማንም አይከብድም ነበር፦ ለወሎው ገበሬ የክረምቱ ትንበያ ይሻሻልለታል፤ ፍሎሪዳም ሞገዱን ባሕር ከመድረሱ ሳምንት ቀድማ ታየዋለች።